ከላሊበላ በኋላ የመጣው በርበሬ

ቡሬ ገበያ ላይ ዛላ የሚሸጡ አንዲት እናትን፣ «እማማ፣ ይሄ በርበሬ ዘሩ ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ከየት ይመጣል ልጄ! ከአያት ከቅድመ አያት የኛው ነው እንጂ።»

ልክ ናቸው። ግን ቅድመ አያቶቹን ትንሽ ወደ ኋላ ስንቆጥር ነገሩ ይለወጣል። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሱን እስኪሻገር ድረስ አፍሪካም እስያም አያውቁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በፖርቱጋሎችና በሌሎች ነጋዴዎች መርከብ ዓለምን የዞረው። እስቲ አስቡት፦ የላሊበላን ዐለት የፈለፈሉት ሰዎች ቀይ ወጥ በልተው አያውቁም! አፄ ዘርዓ ያዕቆብም እንደዚያው።

ምግባቸው ጣዕም አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ኮረሪማና ጥምዝ የራሳችን ጫካ የሚያበቅላቸው ናቸው፤ ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ከህንድ በባህር ይመጣ ነበር። በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ በርበሬ ሲስተሙ ከተሠራ በኋላ የተጨመረ ላይብረሪ ነው። አሁን አንሱት ብትባሉ ግን ምንም አይሠራም።

ጃፓኖችም በርበሬን ያገኙት በዚያው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። «ቶጋራሺ» ይሉታል፤ «ቶ» የቻይና፣ ሰፋ ሲልም የባህር ማዶ ማለት ነው። ስሙ እንግድነቱን አልደበቀም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን አይተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲጽፉ፣ የዘመኑ ምሁራን በዚያች አገር የሚያደንቁት ከውጭ ወስዶ የራስ ማድረግን ነበር። ለዚህኛው ትምህርት እንኳ ያን ያህል ርቀት መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ የእናቶቻችን ሙቀጫ ከዚያ በፊት ሠርቶት ነበር።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ማንኩሳ አካባቢ ወረድኩ (አዎ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋ ማንኩሳ)። መንገድ ዳር ያገኘኋቸው አንድ ገበሬ ግማሹ የደረቀ የበርበሬ ማሳ አሳዩኝ። አጠውልግ ነው። «ትናንት አረንጓዴ የነበረው ዛሬ ይጠወልጋል፤ ስትነቅለው ሥሩ በስብሷል» አሉኝ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ ይብሳል። የልጆቻቸው ደብተርና ልብስ፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ ሁሉም የሚከፈለው ከዚያ ዛላ ነው።

«ለከርሞስ አባባ?»

«ይቺን መሬት በቆሎ አደርጋታለሁ፣ ትረፍ።»

በቆሎም ከአሜሪካ የመጣ መሆኑን አልነገርኳቸውም።