ተሳፋሪውስ ምን ይላል?

ስለ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የተጻፈውን ታሪክ ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ንጉሠ ነገሥቱ አሉ፤ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኖ አሉ፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን መልእክተኞች አሉ፤ ባለ አክሲዮኖችና አበዳሪዎች አሉ። ትኬት ቆርጦ የተሳፈረው ሰው ግን የለም። ቢነሣም እንደ ቡናውና እንደ ቆዳው በቁጥር ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የምሻው ይህንኑ የተረሳ ሰው ነው። የባቡር አገልግሎት እንዴት ይሻሻል ለሚለው ጥያቄ፣ በእኔ እምነት፣ ከመሐንዲሱም ከሹሙም አስቀድሞ መልሱን የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ታሪኩን ከሥሩ እንያዘው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የሰጡት የውል ፈቃድ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ከፋን አቋርጦ ነጭ ዓባይ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ግን ሐረር አልወጣም፤ ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ስለ ነበረ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ሜዳ ላይ ደርሶ ቆመ። ስፍራው በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ በኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ መንግሥታቱ ተሻኮቱ፤ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሃር የምንለው ጣቢያ የአሁኑ ሕንፃም በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከዚህ ሁሉ መካከል የእኔን ልብ የሚይዘው የድሬዳዋ ነገር ነው። ሐዲዱ የቀድሞውን ከተማ ትቶ ሲያልፍ የሐረር ንግድ እየሳሳ ሄደ፤ ያም ሆኖ ሰው ወደ ሐዲዱ ወረደ። ጣቢያው ከተማ ወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚራ ከጣቢያው ደጃፍ ጀምሮ በቀጥታ ጎዳናዎች ተዘረጋ፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ ከነገበያው ደመቀ። ከባቡር የወረደ ሰው በእግሩ ቤቱ፣ ሱቁ ወይም ሆቴሉ ይደርስ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያ ባቡር ፈጣን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። የአዋሽ ጣቢያ ሆቴልም በዚሁ ምክንያት የተወለደ ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት 780 ያህል ኪሎ ሜትር ነበር። አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያለ በቅደም ተከተል በቃሉ የሚያወርድ የድሬዳዋ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም። እያንዳንዱ ስም ባቡር ሲደርስ የሚቆም ገበያ ነበርና። የአንዱ ጣቢያ ወተት፣ የሌላው ሽንኩርት፣ የወዲያኛው ፍየል በመስኮት ይሸጥ ነበር። አገልግሎቱን ያሻሻለው ተሳፋሪው ራሱ ነው ለማለት የምደፍረው ለዚህ ነው። ኩባንያው ሐዲድና ፉርጎ ሰጠ፤ ሕዝቡ ገበያውን፣ ዜናውን፣ ዝምድናውን ጨመረበት። ኮንትሮባንዱንም ጭምር! ነጋዴውና ፊናንሱ በየፉርጎው የተጫወቱት ድብብቆሽ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል።

በዚያ ባቡር ነግደው ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት የድሬዳዋ እናት አንድ ጊዜ፣ «ያኔ ቢጠይቁዎት ኖሮ ምን እንዲስተካከል ይሹ ነበር?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ልጄ፣ ከጆንያዬ ጋር የምቀመጥበት ፉርጎ ቢኖር፤ ሌሊት የምንወርድበት ጣቢያ መብራት ቢኖረው፤ ለሴት የሚሆን መጸዳጃ ቢኖር» አሉኝ። ከዚያም ሳቅ ብለው፣ «ማን ጠይቆን!» አሉ። ሦስቱም ሐሳቦች በየትኛውም አገር የባቡር አማካሪ በብዙ ገንዘብ ጽፎ የሚያቀርባቸው ናቸው።

ተሳፋሪ ሳይጠየቅ የሚጠይቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በሕይወት መድረስ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ ባለ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የገባ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አደጋዎች አንዱ ነው። በረሀብ ዘመን የሆነ ሐዘን በመሆኑ ይመስለኛል፣ በአገር ትዝታ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ከዚያ በኋላ አሮጌው መስመር እያዘገመ ሄዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መነሣቱን አቆመ። በምትኩ ቻይናውያን ኩባንያዎች የሠሩት፣ 750 ያህል ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ሐዲዱ ሰፊ ነው፤ ሦስት ቀን ይወስድ የነበረው መንገድ በሰዓታት ተቆጠረ። ይህን ማናናቅ ነውር ነው። ነገር ግን ጣቢያዎቹን ተመልከቱ! የአዲስ አበባው ከመሀል ከተማ ርቆ ፉሪ ለቡ፣ የድሬዳዋው ከከዚራ ርቆ ሜዳ ላይ፣ የጅቡቲውም ከከተማው ውጭ ናጋድ ላይ ተሠራ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሁለቱ መስመሮቹ አንዱም ፉሪ ለቡ አልደረሰም። ምክንያቱ አይገባኝም አልልም። ፈጣን መስመር ቀጥ ያለ መሬት ይሻል፤ የከተማ መሬት ካሣው ብዙ ነው፤ የወጪና ገቢ ንግዷን 90 በመቶ ያህል በጅቡቲ ለምታመላልስ አገርም ጭነት መቅደሙ አያስገርምም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ በሐዲዱ ላይ የተረፈው ሰዓት ከጣቢያ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ ካለቀ፣ ለተሳፋሪው ምን ተረፈው? የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አውቶቡሱ ሰውን ከመናኸሪያ መናኸሪያ ያደርሳል። ተሳፋሪው ጉዞውን የሚቆጥረው ከደጃፉ ጀምሮ ነው፤ መሐንዲሱ ግን ከጣቢያ።

እዚህ ላይ የኢልግ አገር ሰዎች ያደረጉትን ማንሣት ግድ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 «የወፈፌዎች ክበብ» በሚል የቀልድ ስም የሚጠሩ ወጣት የስዊስ ባቡር ባልደረቦች አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ባቡር በየሰዓቱ፣ ሁልጊዜ በዚያው ደቂቃ ይነሣ፤ በዋና ዋና ጣቢያዎችም ባቡሮቹ በአንድ ጊዜ ገብተው ተሳፋሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1982 በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ይህንኑ የሚያስፋፋ ዕቅድ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 57 በመቶ ድምፅ አገኘ። በዕቅዱ መሠረት በዙሪክና በበርን መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2004 ከአንድ ሰዓት በታች ሆነ። ልብ በሉ፤ የተፈለገው ክብረ ወሰን የሚሰብር ፍጥነት አልነበረም። ባቡሩ በሰዓቱ ደርሶ ከሌላው ባቡርና ከመንደሩ አውቶቡስ ጋር እንዲገናኝ የሚበቃ ፍጥነት ብቻ ነበር። አስቀድሞ የጊዜ ሰሌዳው ተነደፈ፤ ሐዲድና ድልድይ የተሠራው ሰሌዳው በጠየቀበት ስፍራ ነው። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነበር።

«ስዊስ ሀብታም ናት» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰሌዳ ማውጣት ከሁሉ ነገር ርካሹ ነው። ለድሀ አገርም ይበልጥ ይጠቅማል። አዲሱ መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ አለው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት በተወሰኑ ጣቢያዎች ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲዘገይ ሌላውም ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሰዓት ማክበር እዚያ ቅንጦት አይደለም፤ የመስመሩን አቅም የሚወስነው እርሱ ነው። በድርቡ ላይ ደግሞ በሰበታ፣ በፉሪ ለቡ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ መካከል ሠራተኛንና ተማሪን ጠዋትና ማታ የሚያመላልስ የአጭር ርቀት ባቡር ለማስኬድ ዋናው ነገር፣ ሐዲዱ፣ ተዘርግቷል።

እንግዲህ ተሳፋሪው ቢጠየቅ የሚለውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ትኬት በስልክ እገዛ ዘንድ ይሁን ይላል። የሰዓት ሰሌዳው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ይለጠፍ፤ ሲለወጥም አስቀድሞ ይነገረኝ ይላል። ነጋዴዋ ለጆንያዋ ፉርጎ፣ የገጠሩ ሰው ቢያንስ በሳምንት አንዳንድ ቀን ባቡሩ የሚቆምለት ጣቢያ ይሻል። ይህ ሁሉ በግምት እንዳይቀር በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ባለ ሆቴል አዳራሽ ሳይሆን ድሬዳዋ ላይ፣ ተሳፋሪዎችና የመስመሩ ኃላፊዎች ፊት ለፊት ይቀመጡ። የመጀመሪያው አጀንዳም ከጣቢያው ከዚራ የሚገባው አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ይሁን።