ባለሱቁ ሳይሸጥ የሚያተርፉት፦ የኦንላይን ሱቅ አከራዮች ፉክክር

በ2000ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በፖስታ አንድ ዓይነት ጥሪ ይደርሳቸው ነበር። በአቅራቢያቸው ባለ ሆቴል ነፃ ምግብ ተዘጋጅቷል፣ በኢንተርኔት እንዴት ገንዘብ እንደሚሠራ የሚያስረዳ የአንድ ሰዓት ተኩል ገለጻም አለ፣ ኑ የሚል። ጠሪው ስቶርስኦንላይን ይባላል። ባለቤቱ ደግሞ በዩታ ግዛት ኦረም ከተማ የተቀመጠው አይመርጀንት የተባለ ድርጅት ነው።

በዚያ ገለጻ ላይ ዋናው ዕቃ አይሸጥም። የሚሸጠው ለቀጣዩ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቆየው ሥልጠና መግቢያ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት አስር ዶላር ብቻ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ዶላር ከፍሎ፣ ቅዳሜውን ሰውቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ይከብደዋል። ማታ ላይ የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ ሶፍትዌሩ በብዙ ሺህ ዶላር ይቀርብለታል። ገንዘቡ ከሌለው ችግር የለም፣ ድርጅቱ ራሱ በዱቤ ይሸጥለታል፤ በየወሩ ይከፍላል።

ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ጡረተኞችና በደመወዛቸው ላይ ትንሽ ነገር መጨመር የፈለጉ ሠራተኞች ነበሩ። የሚሸጡት ዕቃ ገና አልነበራቸውም። ሱቁ አለ፣ ሸቀጡ የለም። የተለያዩ ግዛቶች ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጎች ድርጅቱን ከሰሱ፤ የአውስትራሊያ የሸማቾች ጥበቃ ኮሚሽንም ፍርድ ቤት ወሰደው። ብዙዎቹ ክሶች በስምምነት ተቋጩ፣ ለተወሰኑ ደንበኞችም ገንዘብ ተመለሰ። ሽያጩ ግን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሆቴል ቀጠለ።

ከክሶቹ ይልቅ የነገሩን ምስጢር የሚያሳየው የሒሳብ መዝገቡ ነው። ድርጅቱ በዱቤ የሸጠውን ገና ሳይሰበስብ እንደ ገቢ ይመዘግብ ነበር። ገዢዎቹ ግን ሱቃቸው አልሸጥ ሲላቸው መክፈል ያቆማሉ። በ2005 ይኸው አመዘጋገብ ጥያቄ አስነሥቶበት የቀድሞ ሪፖርቶቹን ለማረም ተገደደ። በ2011 ስሙን ወደ ክሬክሴንዶ ቀየረ፤ ከዚያም የሆቴሉን ሥልጠና ትቶ በኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ አገልግሎት ሻጭ ሆነ።

ይህን ታሪክ የጥቂት አታላዮች ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ግን ስቶርስኦንላይን ያጋነነው ግፊት ሥራው ውስጥ ከመጀመሪያው የነበረ ነው።

ወደ መጀመሪያው እንመለስ። በ1995 በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ፖል ግራሃምና ሮበርት ሞሪስ የሥዕል ጋለሪዎችን ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት ሞከሩ። ጋለሪዎቹ በነፃም እንኳ አልፈለጉም። ስለዚህ ሐሳቡን ቀይረው ማንም ሰው በራሱ ብራውዘር ሱቅ የሚሠራበት ቪያዌብ የተባለ አገልግሎት ፈጠሩ። በጥር 1996 ሲከፈት የነበሩት 6 ሱቆች ናቸው። በዓመቱ መጨረሻ 70 ገደማ ደረሱ፣ በ1997 መጨረሻ ደግሞ 500 ገደማ። ለትንሽ ሱቅ በወር 100 ዶላር፣ ለትልቁ 300 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። ግራሃም በኋላ እንደጻፈው፣ ዋጋው ዝቅ ያለው በስልት ሳይሆን የንግድ ድርጅቶች ለእንዲህ ያለ ነገር ስንት እንደሚከፍሉ ስላላወቁ ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ራሳቸው ቁጭ ብለው ለነጋዴው ሱቁን ይሠሩለት ነበር።

ይህም የሽያጭ ግፊት ነው፤ ግን ሻጩን የሚያደክም ግፊት ነው። በ1998 ያሁ ቪያዌብን በ49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አክሲዮን ገዝቶ ያሁ ስቶር አለው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ተለወጠ። ሁለት ፕሮግራመሮች አንድ ነጋዴ ጋ ደውለው ሱቁን የሚሠሩበት ዘመን አልፎ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ባለሱቆችን በአንድ ጊዜ መሳብ ያለባቸው ኩባንያዎች ዘመን መጣ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድን ባለሱቅ ለማምጣት ለማስታወቂያ፣ ለሻጭ፣ ለነፃ የሙከራ ጊዜ ብዙ ገንዘብ በቅድሚያ ይወጣል። የሚመለሰው በየወሩ በትንሽ በትንሹ ነው። ከአዲሶቹ ሱቆች ደግሞ ብዙዎቹ ወጪው ሳይመለስ ይዘጋሉ። አከራዩ ይህን ጉድጓድ የሚሞላበት መንገድ ብዙ አይደለም። ወይ ገንዘቡን በሙሉ በመጀመሪያው ቀን መቀበል ነው፤ ስቶርስኦንላይን ያደረገው ይህንን ነው። ወይ የሚዘጉትን የሚተኩ አዳዲስ ሕልመኞች ያለማቋረጥ ማምጣት ነው። ወይ ደግሞ ከተረፉት ጥቂቶች ከሽያጫቸው ላይ መቁረጥና እንዳይሄዱ ማሰር ነው። የሠላሳው ዓመት ፉክክር በእነዚህ ሦስቱ ቅይጥ የተሞላ ነው።

የመጀመሪያውና እጅግ ያፈጠጠው መልክ በ1990ዎቹ መጨረሻ ታየ። ለአነስተኛ ንግድ ቤቶች ስልክ ይደወላል፦ «የ30 ቀን ነፃ ድረ ገጽ እንስጣችሁ»። ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ እሺ ቢልም ባይልም ከወር በኋላ ክፍያው በስልክ ሒሳባቸው ላይ ታክሎ ይመጣል። ብዙዎቹ ድረ ገጽ እንዳላቸውም አያውቁም ነበር። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን ከ1999 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ተከታትሎ ከሰሰ።

ቀጥሎ የመጡት ሕጋዊና ትሑት የሚመስሉ ናቸው፤ የሚያስከፍሉት በውል ውስጥ በትንሽ ፊደል በተጻፈው ነው። የቴክሳሱ ቮሉዥን ከተፈቀደው የዳታ መጠን በላይ ለሚጠቀም ሱቅ ተጨማሪ ያስከፍል ነበር። ትርጉሙ ምንድን ነው? ሱቅህ ጎብኚ ሲበዛለት፣ ጎብኚው ገዛም አልገዛም፣ ቅጣት ትከፍላለህ። ቢግኮሜርስ በበኩሉ ዕቅዶቹን በዓመታዊ ሽያጭ ከፋፈላቸው። 50,000 ዶላር፣ 180,000 ዶላር፣ 400,000 ዶላር እያለ እያንዳንዱን ጣሪያ ሲያልፍ ባለሱቁ ወደ ውዱ ዕቅድ ይሸጋገራል፤ ሽያጩ ቢጨምርም ትርፉ ባይጨምር የሚጠይቀው የለም።

የድሮ ሲራራ ነጋዴ ይህን ቢሰማ አይገርመውም ነበር። ከጎንደር ወደ ምፅዋ የሚወርድ ቅፍለት በየመንገዱ ኬላ ይጠብቀዋል፤ ኬላ ጠባቂው ነጋዴው ያተርፍ ይክሰር አይጠይቅም፣ በጭነቱ ያስከፍላል እንጂ። ልዩነቱ ሲራራው ኬላዎቹን ከመነሳቱ በፊት ያውቃቸው ነበር።

በ2015 ደግሞ ትልልቆቹ ሁለት አከራዮች በአንድ ዓመት ውስጥ ከሜዳው ወጡ። ኢቤይ ፕሮስቶርስንና ማጀንቶ ጎን በየካቲት ዘጋ፤ ባለሱቆቹንም ወደ ቢግኮሜርስ መራቸው። አማዞን ዌብስቶር የተባለውን አገልግሎቱን ሊዘጋ መሆኑን አሳውቆ፣ ደንበኞቹ ወደ ሾፒፋይ እንዲሄዱ መከረ። ዜናው በተሰማበት ቀን የሾፒፋይ አክሲዮን ዘለለ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ነጋዴዎች ለሌላው ሰርግ ሆኑ። ተፎካካሪዎች ሁሉ «ሱቅህን በነፃ እናዛውርልሃለን» እያሉ ተረባረቡ።

«በነፃ ማዛወር» የሚለው ቃል ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። የዕቃው ስም፣ ዋጋና ፎቶ በፋይል ወጥቶ ይሄዳል። የደንበኞች የይለፍ ቃል አይሄድም፤ ሁሉም ዳግም ማስገባት አለባቸው። የገጾቹ አድራሻ ይቀየራል፤ የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ በጥንቃቄ ካልተመራ፣ ባለሱቁ ለዓመታት በጉግል ላይ የገነባው ቦታ ይወድቃል። የሱቁ ገጽታ የተሠራው በአንዱ አከራይ የራሱ ቋንቋ ስለሆነ ሌላው አያነበውም። ደንበኞች የጻፉት አስተያየት በሌላ ድርጅት መተግበሪያ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ከአንዱ አከራይ ወደ ሌላው የተሻገረ ነጋዴ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በመሸጥ ሳይሆን የጠፋውን በመፈለግ ነው። አከራዮቹ ይህንን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለዚህም ነው መግቢያው ላይ ቅናሽ የሚሰጡት፣ መውጫው ላይ ግን ዝም የሚሉት።

ሾፒፋይ ራሱ የተወለደው ከባለሱቅ ምሬት ነው። ቶቢያስ ሉትከና ጓደኞቹ በ2004 በካናዳ ኦታዋ ስኖውዴቪል የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ሱቅ ሲከፍቱ ያገኙት ሶፍትዌር ሁሉ ስላላረካቸው የራሳቸውን ጻፉ። በ2006 ሶፍትዌሩን ለሌሎች ማከራየት ጀመሩ። በ2009 ሌሎች ፕሮግራመሮች መተግበሪያ እየሠሩ የሚሸጡበትን ገበያ ከፈቱ። በ2013 የራሳቸውን የክፍያ አገልግሎት አመጡ፤ ባለሱቁ የሌላ ድርጅት የክፍያ መንገድ ከመረጠ ግን እንደ ዕቅዱ ከሽያጩ እስከ 2 በመቶ ተጨማሪ ይከፍላል። በግንቦት 2015 በ17 ዶላር አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ሸጡ፤ በ2020 የካናዳ እጅግ ውዱ ኩባንያ እስከ መሆን ደረሱ።

እዚህ ላይ ደላሎቹን መጥቀስ ግድ ነው። ሾፒፋይ አዲስ ባለሱቅ ላመጣ ሰው ኮሚሽን ይከፍላል። ኮሚሽኑ ሰዎችን ወደ ዩቲዩብ አስወጣ፦ ውድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ዕቃ ሳትይዝ ከቻይና በቀጥታ ለደንበኛ እያስላክህ በወር ይህን ያህል ታገኛለህ የሚሉ ወጣቶች። በኦረም የተጀመረው የሆቴል ምሳ ወደ ስልክ ስክሪን ተዛወረ ማለት ነው፤ ምሳው ብቻ ቀርቷል። በጥቅምት 2017 የሲትሮን ሪሰርች ባለቤት አንድሩ ሌፍት ይህንኑ አንሥቶ ሾፒፋይን በቶሎ የመክበር ማማለያ ነው ብሎ ከሰሰው። 500,000 ባለሱቆች አሉኝ የሚለው ድርጅት እውነተኛ ነጋዴዎቹ ስንት ናቸው ሲል ጠየቀ። አክሲዮኑ በዚያ ቀን ከ11 በመቶ በላይ ወረደ።

ሌፍት አክሲዮን ሲወርድ የሚያተርፍ ሰው ነው፤ ንጹሕ ምስክር አይደለም። ሾፒፋይም ስቶርስኦንላይን አይደለም፦ ወርኃዊው ኪራይ ትንሽ ነው፣ ሱቁን በማንኛውም ወር መዝጋት ይቻላል፣ በላዩ ላይ ያደጉ እውነተኛ ትልልቅ ንግዶችም አሉ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር። ድርጅቱ የሚያስተዋውቀው የተሳካላቸውን ነው፤ ከተከፈቱት ሱቆች ስንቶቹ ከዓመት በኋላ እንደሚሸጡ የሚናገር ቁጥር ማስታወቂያው ላይ የለም።

ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ባለሱቁን ከማምጣት ወደ ገዢውን መያዝ ተሻገረ። በመጋቢት 2019 የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ሜልቺምፕ ከሾፒፋይ የመተግበሪያ ገበያ ወጣ፤ ጠቡ የደንበኞች መረጃ ለማን ይሰጣል በሚለው ላይ ነበር። ሜልቺምፕ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሌመንስታንድ የተባለውን የሾፒፋይ ተፎካካሪ ገዝቶ ነበር፤ ስለዚህ እሱም የባለሱቁ ጠበቃ ብቻ አልነበረም። መሐል የቀረው ሁለቱንም ይጠቀም የነበረው ነጋዴ ነው።

ትልቁ ግጭት በ2022 መጣ። አማዞን በሚያዝያ ወር የፕራይም ደንበኞቹ በሌሎች ድረ ገጾችም በአማዞን ክፍያና ማድረሻ እንዲገዙ የሚያስችል ቁልፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ሾፒፋይ ቁልፉን ለሚጭኑ ባለሱቆች ማስጠንቀቂያ አሳየ፦ ውላችንን ይጥሳል፣ ለደኅንነትም ያሰጋል የሚል። በነሐሴ 2023 ሁለቱ ታረቁ። ቁልፉ ተፈቀደ፤ ክፍያው ግን በሾፒፋይ በኩል እንዲያልፍ ሆነ። ለአንድ ዓመት ያህል የደኅንነት ሥጋት የተባለው ነገር ክፍያው በማን በኩል ይለፍ የሚለው ሲፈታ አብሮ ተፈታ።

በዚያው ነሐሴ ወር የፌደራል የንግድ ኮሚሽን አውቶሜተርስ የተባለውን ድርጅት ከሰሰ። ድርጅቱ በአማዞንና በዋልማርት ላይ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት በራሱ የሚሠራ» ሱቅ ከፍተን እናስተዳድርላችኋለን እያለ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። በኮሚሽኑ ክስ መሠረት ከገዢዎች የተወሰደው ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ቃሉ አዲስ ነው፤ ገዢው ግን ያው በኦረም ጥሪ የደረሰው ሰው ነው፦ ሸቀጥ የሌለው፣ ሱቅ የተሸጠለት።

ይህ ፉክክር ኢትዮጵያ የደረሰው በጎን በር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በርበሬና የሐበሻ ቀሚስ በኦንላይን የሚሸጡ ወገኖች ሾፒፋይንና መሰሎቹን እንደማንኛውም አሜሪካዊ ነጋዴ ይጠቀማሉ። አዲስ አበባ ላለው ግን የሾፒፋይ የክፍያ አገልግሎት እዚህ ስለማይሠራ ተጨማሪው ቅጣት በምርጫ ሳይሆን በግድ ይመጣበታል፤ ወርኃዊው ኪራይም በዶላር ነው። ስለዚህ ገበያው ወደ ቴሌግራም ሄደ። ፎቶው ይለጠፋል፣ ዋጋው «በኢንቦክስ» ይባላል፣ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፣ ዕቃውን ሞተረኛ ያደርሳል። ወርኃዊ ኪራይ የለም።

ነገር ግን ሃምሳ ሺህ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ባለሱቅ የተከታዮቹን ዝርዝር አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ አይችልም፤ ቻናሉ ከተዘጋ ወይም ከተሰረቀ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ቀደም ብለው የነቁት ሻጮች ዕቃ በተላከ ቁጥር የገዢውን ስልክ በደብተር ይመዘግባሉ።