ስም፣ ቁጥርና የመዝገብ ቁልፍ

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲታወጅ ሐዋሳ ገና በሐይቁ ዳር መቆርቆሯ ነበር። የሕጉ 32ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ይሁን እንጂ የቤተ ዘመድ ስም በሕዝቡ ዘንድ ሳይለመድ ቀረ፤ ዛሬም የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን፣ ሲያስፈልግም በአያታችን ስም ነው። ሕጉ ያሰበው የክብር መዝገብም ለብዙ ዘመን በሥራ ላይ አልዋለም። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው።

ይህ ነገር የሕግ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለው ሊቅ መረጃ በሠንጠረዥ እንዲያዝና እያንዳንዱ ረድፍ በማይደገም ቁልፍ እንዲለይ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ባለሙያዎች ፕራይመሪ ኪ የሚሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ የእኛ ስም ቁልፍ ሊሆን ይችላልን?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ በስምም በአባት ስምም የምንመሳሰል ሁለት ተማሪዎች ነበርን። በወረቀቱ መዝገብ መምህራችን ከስማችን ጎን «ረጅሙ» እና «አጭሩ» ብለው ይጽፉ ነበር። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግን ለዚህ ቃል የሚሆን ዓምድ አልተገኘም፤ የእርሱ ውጤት በእኔ ላይ ተጻፈ፤ ጓደኛዬም አንድ ዓመት ደገመ። ስም በሌላ በኩልም ያሳስታል። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ ለመሣሪያው ሦስት ናቸው።

ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ሠሪው ቁልፍ ካልወሰነ፣ ራሱ ተራ ቁጥር ይሰጣል። የዓምዱን ዓይነት መወሰን ግን ለሠሪው ይቀራል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት 30 እንዳለ በቀን ዓምድ ቢጻፍ የሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ስለሚሆን መሣሪያው አይቀበልም፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ናትና ትመለሳለች። እነዚህስ ስሕተቱን በግልጽ ያሳያሉ። ጥቅምት 20 ግን ፌብሩዋሪ 20 ተብሎ በጸጥታ ይገባል፤ የሚያስፈራውም ይህኛው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ለሰው 12 አኃዝ ይሰጣል። ተራው የቁጥር ዓምድ ከ2,147,483,647 በላይ ስለማይዝ ይህ በጽሑፍ ዓምድ መቀመጥ አለበት፤ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ነገር አይደለምና። ቁልፍ እናድርገው የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም፤ መታወቂያ ያላወጣ ልጅም ትምህርት ቤት ይመዘገባልና።

ዘንድሮ ለመልመጃ በሠራሁት የተማሪዎች ሠንጠረዥ ቁልፉን ተራ ቁጥር አድርጌ፣ ለስም፣ ለአባትና ለአያት ሦስት የጽሑፍ ዓምዶች ሰጠሁ፤ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር ለውጬ አስቀመጥሁ፤ ፋይዳም የማይደገም፣ ነገር ግን ባዶ ሊሆን የሚችል ዓምድ ሆነ። መጨረሻ ላይ አንድ አጭር የጽሑፍ ዓምድ ጨመርሁ፤ «ረጅሙ» የሚለው የሚገባበት ነው።