ስለ አይሮፕላንና ስለ ራያ ቆላ

የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ በዞብል ተራራ፥ በምዕራብም በላስታ ደጋ ተከቦ የተዘረጋ ለጥ ያለ አገር ነው። ለሚያየው ሰው ለአይሮፕላን ማረፊያ የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን የመንገደኛ አይሮፕላን የሚወርደው ከዚህ ሜዳ ርቆ ነው። ከቆቦ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር የሚሻ ሰው ወይ ወደ ላሊበላ ይወጣል፥ ወይ ኮምቦልቻ ይሄዳል፥ ወይም ወደ መቀሌ ይገሠግሣል። ስለዚህ የራያ ሰው አይሮፕላንን ያወቀው ተሳፍሮበት ሳይሆን ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ነው። ያየውንም በዘመን ተራ እንናገራለን።

ፊተኛው አይሮፕላን አዲስ አበባ የወረደው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ የሚባለው የፈረንሳይ ሥራ ነበር፤ ያስመጡትም ንጉሥ ተፈሪ መኰንን ናቸው። ዓመት ሳይሞላው ለጦርነት ዋለ። በዚያ ወራት ራያና አዘቦ ሸፍቶ ነበርና የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አገሩን እንዲያቀኑ ታዘው ነበር፤ ኋላ ግን እርሳቸውም ከንጉሡ ጋራ ተጣሉ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሆነ። አይሮፕላኑ አስቀድሞ በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ ወረቀት በተነ፤ በወረቀቱም ከእርሳቸው ጋራ የሚሰለፍ ሁሉ የተወገዘ እንደ ሆነ ተነግሮ ነበር። ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣም በዚያው ቀን ወደቁ። እነሆ፥ በሰሜን አገራችን ከአይሮፕላን አስቀድሞ የወረደው ግዝት ነው፤ ከግዝትም ቀጥሎ እሳት ወረደ።

ከዚያ በኋላ ልክ በ6 ዓመት፥ በዚያው በመጋቢት 22 ቀን፥ በ1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ። በ1922 አይሮፕላን ስላለው ያሸነፈው ወገን አሁን ከጠላት የሚወዳደር አይሮፕላን የሌለው ሆነ። ኢጣልያኖች አስቀድመው ኅዳር 26 ቀን ደሴን በቦምብ ደብድበው ነበር፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሐኪም ቤት እንኳ አልዳነም። ከማይጨው በኋላም በአሸንጌ ባሕር ዳር ያፈገፍግ የነበረውን ሠራዊት በቦምብና በመርዝ ፈጁት። መርዙ እንደ ካፊያ ይወርድ ነበር፤ የነካውንም ገላ ያቃጥል፥ ይልጥም ነበር።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ነገሩ አልቆመም። በ1935 ዓ.ም. በራያና በትግራይ የወያኔ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ መንግሥት የእንግሊዝን እርዳታ ጠየቀ፤ በመስከረም 1936 ዓ.ም. ከዔደን የመጡ የእንግሊዝ አይሮፕላኖች መቀሌን በቦምብ መቱ። በዚህ ጊዜ የመታው የባዕድ ክንፍ ቢሆንም የጠራው የገዛ መንግሥታችን ነበር። ይህን ሳይሸሽጉ መናገር የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀንም በአሥመራ በኩል እስከ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። ከዚህ በኋላ አይሮፕላን ነጋዴና ተማሪ፥ ደብዳቤና ዕቃ የሚያመላልስ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ የኮረም ሰፈር በሕዝብ ሞላ። ጥቅምት 13 ቀን የረሀብተኛው መልክ በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ደነገጠ። ከዚህ በኋላ የውጭ አገር አይሮፕላኖች መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እያለፉ እህል በጆንያ ይጥሉ ነበር። በ1928 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ1977 ዕድሜው 59 ነው። ድምፁን በሰማ ጊዜ እንደ ልጅነቱ ወደ ዋሻ ይሽሽ ወይስ ወደ ሜዳው ይሩጥ? መርዝ በወረደበት ሰማይ ስንዴ ወረደ።

የላሊበላ ማረፊያ ከከተማው ራቅ ብሎ በሹምሸሃ ይገኛል፤ ከፍታውም ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አይሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ቀድሞ መሬቱ አስፋልት አልነበረውምና ዝናም ሲመጣ ጉዞው ይቋረጥ ነበር፤ ከተነጠፈለት ወዲህ ክረምት አያግደውም። ጦርነት ግን አገደው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የሆነው ጦርነት የሰሜኑን በረራ አቋረጠ፤ ቆቦም ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ወደ መቀሌ የመንገደኛ አይሮፕላን የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በዚያም ቀን ተለያይተው የነበሩ ወላጆችና ልጆች በማረፊያው ተቃቀፉ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንረዳለን። ከላይ የሚያልፍ አይሮፕላን ከታች ያለውን ሰው ፊት አያይም፤ መርዝም ቢጥል እህልም ቢጥል ያው ነው። የወረደ እንደ ሆነ ግን በሩ ይከፈታል፥ ሰውም ከሰው ይተያያል። የማረፊያ ጥቅሙ ይህ ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ የ1928ን መርዝ በዓይናቸው ያዩ እያለቁ ነው፤ የ1977ን ጆንያ የተሸከሙ ግን በየደብሩ አሉ። ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉላቸው።