ድርድራዊ ቋንቋ፦ ምንነቱና መማሪያ መጻሕፍቱ

ድርድራዊ ቋንቋ፦ ቁጥሮችን ወይም ፊደላትን አንድ በአንድ እየቆጠረ ሳይሆን፣ እንደተደረደሩ በአንድ ላይ ተቀብሎ በአንድ ትእዛዝ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ነው። ባለሙያዎች በብዛት «አሬይ ላንጉዌጅ» ይሉታል።

«ድርድር» ከ«ደረደረ» የወጣ ነው። ቃሉ የሽማግሌዎችንና የዲፕሎማቶችን ድርድርም ስለሚያስታውስ ብቻውን ሲቆም ሊያሻማ ይችላል፤ «ድርድራዊ የፕሮግራም ቋንቋ» ሲባል ግን የሚያደናግር ነገር የለውም። «ረድፍ» የሚለው ቃል አይበቃም፤ ረድፍ አንድ መስመር ሲሆን ድርድር ግን ረድፍም ዓምድም፣ ከዚያም በላይ አቅጣጫ ሊኖረው ይችላል።

ሁላችንም የምናውቀው ድርድር የፊደል ገበታ ነው። 33 ረድፍና 7 ዓምድ አለው። ሁለተኛውን ረድፍ ይዘን አራተኛው ዓምድ ላይ ብንቆም «ላ»ን እናገኛለን። የዚህ ድርድር ቅርጽ 33 በ7 ነው፤ አቅጣጫው ሁለት ስለሆነ ማዕረጉ 2 ነው። ቅርጽና ማዕረግ ተማሪው በየምዕራፉ የሚያገኛቸው ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው፤ እነሱን ሳይጨብጡ ወደፊት መሄድ አይቻልም።

አሠራሩን በአንድ ስሌት እንየው። የሦስት ዕቃዎች ዋጋ 30፣ 40 እና 50 ብር ነው፤ የተገዛው ብዛት ደግሞ 2፣ 5 እና 1። በተለመዱት ቋንቋዎች ጠቅላላ ሒሳቡን ለማውጣት ሉፕ እንጽፋለን፤ አንዱን ዕቃ እናባዛለን፣ እንደምራለን፣ ወደ ቀጣዩ እናልፋለን። ኤፒኤል በተባለው ድርድራዊ ቋንቋ ግን ሥራው በሙሉ ይህ ነው፦

+/ 30 40 50 × 2 5 1

የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። መጀመሪያ ቁጥሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይባዛሉና 60፣ 200 እና 50 ይገኛሉ። ከዚያ «+/» በየመካከላቸው የመደመር ምልክት ያስገባል፤ መልሱ 310 ነው። ዕቃዎቹ ሦስት ሺህ ቢሆኑም ትእዛዙ አይለወጥም። በዚህ ቋንቋ ማባዛት ከመደመር አይቀድምም፤ 2×3+4 ተብሎ ሲጻፍ መልሱ 10 ሳይሆን 14 ነው።

የሐሳቡ አባት ካናዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኬኔት አይቨርሰን ነው። በሃርቫርድ ሲያስተምር ለማስተማሪያ የቀመረውን የአጻጻፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ኤፒኤል የሚለው ስምም ከመጽሐፉ ርእስ የመጀመሪያ ፊደላት የመጣ ነው። አይቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1979 በኮምፒውተር ሳይንስ የሚሰጠውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሮጀር ሁይ ጋር ጄ የተባለውን ቋንቋ አወጣ፤ ጄ የኤፒኤልን ልዩ ምልክቶች ትቶ በተራ ኪቦርድ ይጻፋል። በጄ አማካይ ማውጫው «+/ % #» ብቻ ነው፤ ድምሩ ለብዛቱ ይካፈል ማለት ነው። አርተር ዊትኒ ደግሞ ኬ የተባለውን ቋንቋ፣ ቀጥሎም ኪው የተባለውን ሠራ፤ ሁለቱም በፋይናንስ ድርጅቶች ቤት ሥር ሰድደዋል።

የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? የብዙ ተማሪ ፍርሃት ምልክቶቹ ናቸው፤ እነሱ ግን በልምምድ ይለመዳሉ። የሚያስቸግረው የሉፕ ልማድ ነው። ስለዚህ ጥሩ መጽሐፍ የምልክት ዝርዝር የሚደረድር ሳይሆን አስተሳሰብን የሚያስለውጥ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቅርጽንና ማዕረግን ያስረዳል፤ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብን ያለማምዳል፤ በኪቦርድ ላይ የሚሠራ መልመጃም ይሰጣል።

ኤፒኤልን ከዜሮ ለሚጀምር የበርናርድ ለግራን «ማስተሪንግ ዳያሎግ ኤፒኤል» አለ። ጥራዙ ወፍራም ቢሆንም ደረጃ በደረጃ ያስኬዳል። ለጄ የሮጀር ስቶክስ «ለርኒንግ ጄ» ቀና መግቢያ ነው፤ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ደግሞ የሄንሪ ሪችን «ጄ ፎር ሲ ፕሮግራመርስ» ቢይዝ ሉፕን እንዴት እንደሚተው ከሚያውቀው ተነስቶ ይማራል። ፋይናንስ ውስጥ መሥራት የሚያስብ የጄፍሪ ቦሮርን «ኪው ፎር ሞርታልስ» ያንብብ። አራቱም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚነበቡ ናቸው፤ ገንዘብ ሰበብ አይሆንም።

የ1962ቱን የአይቨርሰን መጽሐፍ ግን ለመጀመሪያ አልመክርም። በውስጡ ያለው አጻጻፍ ከጊዜ በኋላ በኮምፒውተር ላይ ከዋለው ኤፒኤል ይለያል፤ ተማሪው የተጻፈውን እንዳለ ገልብጦ ሊሞክር አይችልም። ከእሱ ይልቅ ጥቂት ከተለማመዱ በኋላ የቱሪንግ ሽልማቱን ምክንያት አድርጎ ያቀረበውን ንግግር ማንበብ ይጠቅማል። ጥሩ የአጻጻፍ ሥርዓት ሐሳብን እንደሚያቀልል፣ ዝርዝርን ወደ ኋላ አድርጎ ዋናውን እንደሚያጎላና አዲስ ጥያቄ እንደሚጠቁም በምሳሌ ያሳያል።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቁም በናምፓይ አማካይነት ሐሳቡን መቅመስ ይችላሉ፤ ናምፓይ ግን የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት እንጂ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም።

ምዕራፍ በጨረሳችሁ ቁጥር መጽሐፉን ዝጉና ከዚህ በፊት በሉፕ የሠራችሁትን አንድ ሥራ ያለ ሉፕ ጻፉት። ከተሳካላችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ካልተሳካ ምሳሌዎቹን ቁጥራቸውን እየቀያየራችሁ እንደገና ሞክሩ። ከዚያም በኋላ ካልገባችሁ፣ ያንን መጽሐፍ የግድ መጨረስ የለባችሁም፤ ያንኑ ርእስ በሌላ መንገድ የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ ክፈቱ።