ርግብግብ ብልጭታ

እንጦጦ ላይ ቀትር ነው። ሞዴሏ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች የቅንድቧ ጥላ ዓይኗ ላይ ወድቋል። ፎቶ አንሺው ጥላውን በፍላሽ ማጥፋት፣ ከጀርባዋ ያለውን ባሕር ዛፍም ማደብዘዝ ይፈልጋል። ጣጣው ሁለቱን አንድ ላይ መፈለጉ ነው።

ጥርት ባለ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ላይ፣ አፐርቸሩ ኤፍ 16 ከሆነ ሸተሩ 1/100 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ጀርባውን ለማደብዘዝ አፐርቸሩ እስከ ኤፍ 2.8 ሲከፈት የሚገባው ብርሃን 32 እጥፍ ስለሚሆን ሸተሩ ወደ 1/3200 መፍጠን አለበት። ብዙዎቹ ካሜራዎች ግን ከተለመደ ፍላሽ ጋር የሚሠሩት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ድረስ ነው።

ሸተሩ ሁለት መጋረጃ አለው፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። በ1/200 የመጀመሪያው ከፍቶ ሲጨርስ ሁለተኛው ገና አልተነሳም፤ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ በተገለጠባት ቅጽበት ፍላሹ ቦግ ይላል። በ1/3200 ግን ሁለተኛው የፊተኛውን ተረከዝ እየረገጠ ስለሚከተል፣ በሴንሰሩ ላይ የሚያልፈው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። አንዴ ቦግ ብሎ የጠፋ ፍላሽ ያችን ክፍተት አብርቶ ሌላውን ይተወዋል።

መላው «ሃይ ስፒድ ሲንክ»፣ በአጭሩ «ኤችኤስኤስ» ይባላል። ፍላሹ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እስኪያልፍ በሰከንድ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ፍጥነት ይርገበገባል፤ ለሴንሰሩ ያልተቋረጠ ብርሃን ይሆንለታል። ሐሳቡ ከፍላሽ አምፖል ዘመን የመጣ ነው፤ ያኔ ኤፍፒ የሚባሉት አምፖሎች ረዘም ላለ ጊዜ እኩል እንዲነዱ ሆነው ይሠሩ ነበር። ለኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ያመጣው ኦሊምፐስ ነው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ኤፍ 280 ፍላሽ።

ስሙ ቃል በቃል «የከፍተኛ ፍጥነት ማመሳሰል» ቢባል ነገሩን አይገልጠውም፤ እንዲያውም ያሳስታል። የፈጠነው ሸተሩ ነው፤ ፍላሹማ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ነው የሚበራው። «ርግብግብ ብልጭታ» ማለት ይሻላል፦ የሚሆነውን ይናገራል፣ አፍም አይዝም። ስቱዲዮዎች «ኤችኤስኤስ» ማለታቸውን ይተዋሉ ማለት ግን አይደለም።

አዲስ ካሜራና ፍላሽ ሲሞከር ይህን ከቤት ሳይወጡ ማየት ይቀላል። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ነጭ ግድግዳ እየተነሳ ሸተሩ ከ1/160 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፤ ፍላሹ ካልተርገበገበ የሆነ ቦታ ላይ ከፎቶው ግርጌ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ካሜራው በቁመት ከተያዘ መስመሩ በጎን ይመጣል። ሜዳ ላይ ግን ፀሐይ ትሸፍነዋለች፤ መስመሩ ጥቁር ሳይሆን ፍላሽ ያልደረሰው ሆኖ ይቀራል። ፊቷ በርቶ የቀሚሷ ጥለት የደበዘዘው ለምን እንደሆነ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነው።

ዋጋም ያስከፍላል። መርገብገብ የፍላሹን ጉልበት በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ባትሪ ይበላል፣ ሲደጋገም ፍላሹ ይግላል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው የሶኒ አልፋ 9 ሦስተኛው ሞዴል መጋረጃውን ትቶ ሴንሰሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ያለ ርግብግብታ እስከ 1/80000 ድረስ ከፍላሽ ጋር ይሠራል። እንጦጦ ላይ ያለው የፎቶ አንሺው ረዳት ግን ገና ባለ መጋረጃ ካሜራ ስለገጠመው፣ የቀነሰውን ጉልበት ለማካካስ የፍላሹ ጠርዝ ፎቶው ውስጥ ሊገባ እስኪደርስ ወደ ሞዴሏ እያስጠጋው ነው።