ልጄን የት ላስመዝግብ? የሀዋሳ ወላጅ ምርጫ ከየት መጣ?



በ1996 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሚለው ስም የተመረቅን ሰዎች ዛሬ ስንገናኝ፣ ወሬያችን የፈተናና የአዳር ተራ መሆኑ ቀርቷል። «ልጆችሽን የት ነው የምታስተምሪው?» ሆኗል። ሐኪም ሲጠይቀኝ የግል ትምህርት ቤት ስም ይጠብቃል። ነሐሴ ላይ የጽዳት ሠራተኞቻችን ያንኑ ሲጠይቁኝ ግን የመንግሥቱን ማለታቸው ነው። ለእነሱ በቂ መልስ ለመስጠት ወደ ኋላ መለስ ማለት ግድ ይላል።

ሀዋሳ ወጣት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ተቆረቆረች፤ ቆይታም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትን ከይርጋለም ተረከበች። ያኔ በአገራችን የመንግሥት፣ የሚሲዮንና የቄስ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ መምረጥ ግን የጥቂቶች ዕድል ነበር። የገጠር ወላጅ «የቱ ይሻላል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «በአቅራቢያችን አለ ወይ?» ነበር ጥያቄው።

ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ዘመቻ ነው። ከተሞች ውስጥ ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ስለበዛ ፈረቃ ተለመደ፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1984 ዓ.ም.፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ምርጫ የሚባል አልነበረም፤ የቀበሌ መታወቂያ ተይዞ ቤታችን አጠገብ ወዳለው ተወሰድኩ፣ አለቀ። የዳኛ ልጅ፣ የሹፌር ልጅና የጠላ ሻጭ ልጅ በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ጣሪያው ሲያፈስ የወላጆች ስብሰባ ላይ ዳኛውም ይገኙ ነበር፤ እሳቸው ሲናገሩ ደግሞ ቆርቆሮው ቶሎ ይመጣል።

የዛሬውን መልክ በአብዛኛው የቀረጸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። የመጀመሪያ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አደረሰ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ሥርዓት አደረገ፤ እስከ 10ኛ ክፍል የትምህርት ክፍያን አስቀረ። ለግል ባለሀብትም በሩ ተከፈተ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ1993 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነበርን።

ስለዚህ የሀዋሳ ወላጅ ሁለት አዳዲስ ምርጫዎች መጡለት። አንዱ የቋንቋ ነው፤ አማርኛ ወይስ ሲዳሙ አፎ? ሁለተኛው የገንዘብ ነው፤ የግል ወይስ የመንግሥት? የመንግሥቱ ነፃ ቢባልም ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ መዋጮውና የባጃጁ ሂሳብ አለ። መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ለረጅም ጊዜ የከፋይ ቤተሰብ ነገር ሆኖ ቆየ። «ኦ ክፍል» በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስኪስፋፋ ድረስ አንዱ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ሌላው እርሳስ ሳይዝ አንደኛ ክፍል ይገናኙ ነበር።

ከተማዋም አደገች። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ተመሠረተ። ሰው በየጊዜው ይመጣል፣ ልጅም ይዞ ይመጣል። ታቦር፣ አዲስ ከተማና አላሙራ የሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ስሞች ለከተማው ሰው የታወቁ ናቸው፤ የመቀመጫው ብዛት ግን ስም አይቶ አይጨምርም።

ከዚያ ጥቅምት 2015 መጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ፤ እኛ ያደርንባቸው መኝታ ክፍሎችም ተፈታኞችን ተቀበሉ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ፤ ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ነበር። ይህ በሽታ ፈተና አዳራሽ ውስጥ አልተጀመረም። ትኩሳቱ የተለካው እዚያ ስለሆነ ነው የደነገጥነው።

እንደ ሐኪም አንድ ነገር በደንብ አውቃለሁ። ድምፅ ያለው ታካሚ ሁሉ ወደ ግል ክሊኒክ ሲሄድ፣ የመንግሥቱ ወረፋ አያጥርም፤ የሚጮህለት ሰው ነው የሚቀንሰው። ትምህርት ቤቱም እንደዚያው ሆኗል። መክፈል የቻልን ወላጆች ልጆቻችንን ስናወጣ፣ የዳኛው ወንበር በስብሰባው ላይ ባዶ ቀረ። የሚከፍልን ወላጅ አልወቅስም፤ ለልጁ የሚበጀውን ነው ያደረገው። ባዶው ወንበር ግን ያሳስበኛል።

ለጠያቂዎቼ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ልጁ በእግሩ የሚደርስበትን፣ ትልቁን አስፋልት የማያቋርጥበትን ምረጡ። በየትኛው ቋንቋ እንደሚጀምርና በስንተኛ ክፍል እንደሚቀየር ጠይቁ። ፈረቃ ካለ፣ በቀረው ግማሽ ቀን ልጁ የት እንደሚውል አስቡ። ውሃና የሴቶች መፀዳጃ ቤት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከመመዝገባችሁ በፊትም ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ «ሰነፍ» የተባለ ስንቱ ልጅ ሰሌዳው ስላልታየው ነው።

ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያላስተማረው ከመካከላችን ስንት ነው? እያንዳንዳችን ቤታችን አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት አንዱን እንያዝ። ሐኪሙ በመስከረም ዓይን ይመርምር፤ መሐንዲሱ ጣሪያውን ይይ፤ መምህሩ ቅዳሜ ጠዋት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ያጠናክር፤ የሕግ ባለሙያው በወላጅና መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ይገኝ። ልጅ ባይኖረንም፣ ወይም ልጃችን ሌላ ቦታ ቢማርም፣ ከስብሰባው የሚያግደን የለም። የጎደለው ድምፅ የእኛ ነው፤ ይዘነው እንመለስ።